ዝናብ ሳይጠፋ የመጣ ረሃብ፦ ከሰማርያ እስከ ባሌ

አዝመራው በደረሰ ጊዜ ከሮቤ ተነሥቶ በጎሮ በኩል ወደ ጊኒር የሚጓዝ ሰው ግራ ቀኙን ስንዴና ገብስ ያያል። የባሌ ደጋ፣ ዘመኑ ከቀናለት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ዘርቶ ሁለት ጊዜ የሚያጭድ አገር ነው። እንዲህ ባለ ምድር ለሚኖር ሰው ረሃብ ሲነሣ ትዝ የሚለው ሌላ ቦታ ነው፤ ደመና የራቀው፣ ምንጩ የደረቀ፣ ከብቱ ያለቀበት። ግን ዝናብን የማይጠብቅ ረሃብም አለ። ማሳው ለምልሞ፣ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ይመጣል፤ የሚያመጣው ሠራዊት ነውና።

መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም መዝግቧል። በዮሴፍ ዘመን የነበረውን ሰባት ዓመት፣ በኤልያስ ዘመን ሰማይ የተዘጋበትን ጊዜ ሁሉም ያውቀዋል። የጦርና የከበባው ረሃብ ግን አብዛኞቻችን ዘንድ ያለው ተበታትኖ ነው። የሁለቱ እናቶች ታሪክ ከአንድ ስብከት፣ የኤርምያስ ሰቆቃ ከሰሙነ ሕማማት፣ የቲቶ ነገር ከአባቶች ጨዋታ ይሰማል። በጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ሰው የሞተው እህል ከምድር ስለጠፋ አይደለም፤ በእህሉና በሰው መካከል ሌላ ሰው ጋሻና ጦር ይዞ ስለቆመ ነው።

ከንጉሥ በፊት፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ዘመን ገደማ

እስራኤል ገና ንጉሥም ትልቅ የቅጥር ከተማም አልነበራትም። ምድያማውያን ከአማሌቃውያንና ከምሥራቅ ሰዎች ጋር ሆነው ሰባት ዓመት አስጨነቋት። የሚመጡት አገር ለማስተዳደር አልነበረም። ገበሬው ዘርቶ ሲጨርስ ግመላቸውን ጭነው፣ ድንኳናቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ እስከ ጋዛ ድረስ ያለውን ሰብል ያወድማሉ፤ በግም በሬም አህያም አያስቀሩም። ጸሐፊው ብዛታቸውን ከአንበጣ ጋር አመሳስሎታል። ሕዝቡ ወደ ተራራ ወጥቶ በዋሻና በምሽግ ተሸሸገ።

መልአኩ ጌዴዎንን ሲያገኘው ስንዴ ይወቃ ነበር፤ የሚወቃው ግን አውድማ ላይ ሳይሆን በወይን መጥመቂያ ውስጥ ተደብቆ ነው። ምን ማለት እንደሆነ አውድማ ለጥፎ የሚያውቅ ገበሬ ወዲያው ይገባዋል። አውድማ የሚመረጠው ነፋስ የሚያገኘው ገላጣ ቦታ ላይ ነው፤ ያለ ነፋስ ፍሬው ከገለባው አይለይም። ገላጣ ቦታ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። ጌዴዎን ነፋሱን ትቶ ጉድጓዱን የመረጠው የራሱን እህል ከራሱ ማሳ ለመስረቅ በመገደዱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የጦርነት ረሃብ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር የሚታየው እዚህ ነው፤ ምድሪቱ አብቅላለች፣ ያበቀለው ሰው ግን ሊበላው አልቻለም።

ዘመኑ ተለወጠ፤ ነገሥታት መጡ፤ ከተሞች በድንጋይ ቅጥር ታጠሩ። ቅጥሩ ገበሬውን ከወራሪ ያድነዋል ተብሎ የተሠራ ነበር፤ ይሁንና አዲስ ወጥመድ አበጀ። ጠላት በመጣ ጊዜ የባላገሩ ሕዝብ ማሳውን ጥሎ ወደ ከተማው ይገባል። የሚበላው አፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ በእጥፍ ይጨምራል፤ የሚበላው እህል ግን ከበሩ ውጭ ይቀራል። ቅጥር ማፍረስ ወታደር ያስጨርሳል፤ መጠበቅ ግን ርካሽ ነው። ከባቢው ሠራዊት የተከበበውን ሰው ሰብል እያጨደ፣ ከብቱን እያረደ፣ ውስጥ ያለው እስኪደክም ይቀመጣል።

የሙሴ ሕግ ይህን ያውቅ ነበር ለማለት የሚያስደፍር ነገር በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 አለ። ከተማ ስትከብ ፍሬ የሚሰጡትን ዛፎች በምሳር አትጨፍጭፍ ይላል፤ ዛፍ ጠላት አይደለምና፣ ከእርሱም ትበላለህና። ለቅጥር ሥራ የሚቆረጠው ፍሬ የማይሰጠው ብቻ ነው። ምግብን ከጦር ለመለየት ከተደነገጉ ጥንታዊ ሕጎች አንዱ ይህ ነው። እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 28 ላይ ደግሞ ከበባ ምን እንደሚያደርስ፣ እናት በልጇ ላይ እስከምትጨክን ድረስ፣ አስቀድሞ ተነግሯል።

ሰማርያ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዘመን

ያ ማስጠንቀቂያ የደረሰው የሶርያ ንጉሥ ወልደ አዴር ሰማርያን በከበበ ጊዜ ነው። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 የረሃቡን መጠን የሚነግረን በገበያ ዋጋ ነው። የአህያ ራስ በ80 ሰቅል ብር ተሸጠ። አህያ በሕጉ የማይበላ እንስሳ ነው፤ ራሱ ደግሞ ሥጋ የሌለበት ክፍል። ከዚያም የሚብሰው ተጽፏል፤ ጥቂት የርግብ ኩስ በ5 ሰቅል። ብር ያለውም ሰው የሚገዛው ይህን ነበር፤ ብር የሌለው ምን እንደሆነ ጸሐፊው ዝም ብሏል።

የእስራኤል ንጉሥ በቅጥሩ ላይ ሲያልፍ አንዲት ሴት ጮኸችበት። ከጎረቤቷ ጋር የተስማማችበትን፣ የራሷን ልጅ ቀቅለው መብላታቸውን፣ ጎረቤቷ ግን በማግስቱ ተራዋ ሲደርስ ልጇን መሸሸጓን ነገረችው። የምትከሰው ጎረቤቷን ነው፤ የራሷ ሥራ ከዚያ በኋላ የሚያስደነግጣት አይመስልም። ረሃብ በሰው ኅሊና ላይ የሚያደርሰውን እንደዚህ በአጭሩ ያሳየ ጽሑፍ እኔ አላውቅም። ንጉሡ ልብሱን ቀደደ፤ ከውስጥ ማቅ ለብሶ ኖሮ ሕዝቡ አየው። ከዚያ ግን ቁጣውን ያዞረው ወደ ሶርያ ሠፈር ሳይሆን ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ነበር፤ ራሱን ለማስቆረጥ ማለ።

ኤልሳዕም የመለሰው በገበያ ዋጋ ነው፦ ነገ በዚህ ሰዓት በሰማርያ በር ላይ አንድ መስፈሪያ መልካም ዱቄት በአንድ ሰቅል፣ ሁለት መስፈሪያ ገብስ በአንድ ሰቅል ይሸጣል። የንጉሡ ባለሟል እግዚአብሔር በሰማይ መስኮት ቢያደርግ እንኳ ይህ ይሆናልን ብሎ አላመነም። አነጋገሩ ልብ ሊባል ይገባል፤ ሰውዬው መፍትሔውን የጠበቀው ከሰማይ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ የሚመጣውን ረሃብ ብቻ ነው የሚያውቀው። መልሱ ግን ከሰማይ መስኮት አልመጣም። በበሩ አጠገብ የነበሩ አራት ለምጻሞች ወደ ሶርያውያን ሠፈር ገቡ፤ ሠራዊቱ በሌሊት የሠረገላና የፈረስ ድምፅ ሰምቶ፣ ሌሎች ነገሥታት መጡብን ብሎ፣ ፈረሱንና አህያውን፣ ምግቡንና ብሩን ትቶ ሸሽቷል። በማግስቱ ዋጋው ነቢዩ እንዳለው ሆነ። ያላመነው ባለሟል በሩን እንዲጠብቅ ተሹሞ ስለነበር ሕዝቡ ወደ እህሉ ሲጋፋ ረግጦ ገደለው።

የአህያ ራስ በ80 ሰቅል ከሚሸጥበት ገበያ መልካም ዱቄት በ1 ሰቅል ወደሚሸጥበት የተደረሰው በአንድ ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት አንድም እሸት አልደረሰም፤ አንድም ጠብታ አልዘነበም። የጠፋው ከባቢው ብቻ ነበር።

ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ ጸሐፊው ሌላ ረሃብ ያነሣል፤ ሰባት ዓመት የቆየ። ኤልሳዕ ልጇን ያስነሣላትን ሱነማዊት ሴት ቀድሞ አስጠነቀቃት፤ ከነቤተሰቧ ወደ ፍልስጥኤም አገር ሄደች፤ ሰባቱ ዓመት ሲያልፍ ተመለሰች፤ ንጉሡም ቤቷንና መሬቷን፣ በሌለችበት ጊዜ እርሻው ያፈራውን ሁሉ ጭምር አስመለሰላት። ሁለቱ ምዕራፎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። ከሰባቱ ዓመት ረሃብ መሸሽ ይቻላል፤ መንገድ ክፍት ነው፣ ጎረቤት አገር ይቀበላል፣ ተመልሶም መሬት ይጠየቃል። ከከበባው ረሃብ ግን መውጫ የለም፤ መንገዱ መዘጋቱ ራሱ ነው ረሃቡ።

አሦር፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ725 እስከ 701

አሦራውያን ከበባን ሙያ አደረጉት። ስልምናሶር ሰማርያን ሦስት ዓመት ከበባት፤ በ722 ገደማ ወደቀች። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ሳርጎን ከዚያ ከ27,000 በላይ ሰው እንደማረከ በራሱ ጽሑፍ አስቀርጿል። የሰሜኑ መንግሥት በዚህ አበቃ።

በ701 ሰናክሬም በይሁዳ ላይ ዘመተ። 46 የተመሸጉ ከተሞች እንደያዘ ይመካል። ለኪሶን ሲይዝ በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ያስቀረጸው ምስል ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል፤ ሕዝቡ ጓዙን በሬ በሚስበው ጋሪ ጭኖ፣ ልጆቹን አስቀምጦ ሲጋዝ።

የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ግን የሚመጣውን አስቀድሞ አይቶ ነበር። ከኢየሩሳሌም ውጭ ያሉትን ምንጮች አስደፈነ፤ ግዮን የተባለውን የከተማይቱን ምንጭ ውሃ በዓለት ውስጥ 533 ሜትር አስቆፍሮ ወደ ቅጥሩ ውስጥ አስገባ። ቆፋሪዎቹ ከሁለት ጫፍ ተነሥተው መሐል ላይ እንደተገናኙ የሚናገረው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1880 እዚያው ዋሻ ውስጥ ተገኝቷል። በከበባ ውስጥ ውሃ ከእህል እንደሚቀድም የእኛም ታሪክ ያውቀዋል፤ በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ የነበረው የጣልያን ጦር የተረታው እቴጌ ጣይቱ ምንጩን ባስያዙበት ጊዜ ነው።

የሰናክሬም መልእክተኛ ራፋስቂስ ከቅጥሩ በታች ቆሞ ያደረገው ንግግር የረሃብን ሌላ ገጽ ያሳያል። የንጉሡ ሹማምንት በሶርያ ቋንቋ ተናገረን፣ ሕዝቡ እንዳይሰማ ብለው ለመኑት። እርሱ ግን ሆን ብሎ በአይሁድ ቋንቋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቅጥሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የራሱን ኩስና ሽንት እስኪበላና እስኪጠጣ እንደሚደርስ ነገረ። አስከትሎም እጃችሁን ብትሰጡ እያንዳንዳችሁ ከወይናችሁና ከበለሳችሁ ትበላላችሁ አለ። ረሃቡ ገና አልገባም፤ ወሬው ግን ገብቷል። ሕዝቡ ንጉሡ እንዳዘዘው አንድም ቃል አልመለሰም።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ አማርኛው መጽሐፍ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚለው ቲርሐቅ ሊወጋ መጣ የሚል ወሬ ለሰናክሬም ይደርሰዋል። ቲርሐቅ በግብፅ የነገሠው የኩሽ ሥርወ መንግሥት ሰው ነው፤ አገሩ ዛሬ ሱዳን በምንለው በዓባይ ዳር ነበር። ኢየሩሳሌም በዚያ ጊዜ ተረፈች፤ መጽሐፉ በአንድ ሌሊት የእግዚአብሔር መልአክ የአሦርን ሠፈር እንደመታ ይናገራል። ከዚህ መትረፍ የተነሣ ይመስላል፣ ከተማይቱ ምንም ቢሆን አትወድቅም የሚል እምነት በሕዝቡ ውስጥ ሥር ሰደደ። ከመቶ ዓመት በኋላ ኤርምያስ የተጋፈጠው ያንን እምነት ነው።

ኢየሩሳሌም፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ588 እስከ 586

ሴዴቅያስ በነገሠ በ9ኛው ዓመት፣ በ10ኛው ወር፣ በ10ኛው ቀን የባቢሎን ንጉሥ የናቡከደነፆር ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከበበ። ጸሐፊዎቹ ቀኑን እንዲህ አጥብቀው የያዙት ሕዝቡ ስላልረሳው ነው፤ ከምርኮ በኋላ ዓመት በዓመት ይጾሙት ነበርና። ነቢዩ ዘካርያስ የ4ኛውን፣ የ5ኛውን፣ የ7ኛውንና የ10ኛውን ወር ጾም ያነሣል፤ ሁሉም ከዚህ ከበባና ካስከተለው ጥፋት ጋር የተያያዙ ናቸው።

ከኢየሩሳሌም በቀር ገና ያልተያዙት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1935 በለኪሶ በር ፍርስራሽ ውስጥ በሸክላ ስባሪ ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኙ፤ በአንዱ ላይ አንድ የጦር ሰው የለኪሶን የእሳት ምልክት እንደሚጠባበቅ፣ የዓዜቃ ግን እንደማይታየው ለአለቃው ጽፏል። ከተሞቹ አንድ በአንድ እየጠፉ ነበር።

ሕዝቡ በጭንቁ መጀመሪያ አንድ መልካም ነገር አደረገ። ሴዴቅያስ ከሕዝቡ ጋር ቃል ኪዳን ገብቶ ዕብራውያን ባሪያዎች ሁሉ ነፃ ወጡ። ከዚያ የግብፅ ጦር ተንቀሳቀሰ ተባለ፤ ባቢሎናውያን ሊገጥሙት ከበባውን ለጊዜው ፈቱ። መንገዱ በተከፈተ ማግስት ጌቶቹ ነፃ ያወጧቸውን ሰዎች መልሰው ባሪያ አደረጓቸው። ኤርምያስ በዚህ ላይ የተናገረው ቃል በመጽሐፉ ካሉት ሁሉ የከረረ ነው፤ እናንተ ለወንድማችሁ ነፃነት ካላወጃችሁ እግዚአብሔር ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለረሃብ ነፃነት ያውጅባችኋል የሚል መልእክት አለው። ብዙ ሳይቆይ ባቢሎናውያን ተመለሱ፤ በሩ ዳግመኛ ተዘጋ።

ለእስረኛው ነቢይ ለኤርምያስ በየቀኑ ከጋጋሪዎች መንገድ አንድ እንጀራ እንዲሰጠው ንጉሡ አዘዘ፤ እንጀራ ከከተማው እስኪጠፋ ድረስ። በምርኮ አገር የነበረው ሕዝቅኤል ይህንኑ ረሃብ በሚዛን ቀድሞ አሳይቶት ነበር፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስርና ሌላም እህል ተደባልቆ የተጋገረ፣ ለቀን 20 ሰቅል የሚመዝን፣ ከ250 ግራም የማይበልጥ። ያንን ሁሉ መደባለቁ አንዱ እህል ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። አርኪዮሎጂስቶች በዳዊት ከተማ በዚያ ዘመን የነበረ የአንድ ቤት መጸዳጃ ጉድጓድ ሲመረምሩ፣ ሰዎቹ ከእርሻ ሰብል ይልቅ በጓሮ የሚበቅል ቅጠላ ቅጠል ይበሉ እንደነበር፣ ሆዳቸውም በትላትል የተያዘ እንደነበር አግኝተዋል።

አቤሜሌክ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው፤ ኢትዮጵያዊው፣ በንጉሡ ቤት የነበረው ጃንደረባ። አለቆቹ ኤርምያስን እጅ ስጡ ብሎ ሕዝቡን ያዳክማል ብለው በጭቃ ጉድጓድ ጣሉት። አቤሜሌክ ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ፊት ለፊት ሄዶ ተናገረ። ያቀረበው ምክንያት የነቢዩን ክብር አልነበረም፤ በከተማው ውስጥ እንጀራ የለም፣ እዚያ በረሃብ ይሞታል የሚል ነበር። ፈቃድ አግኝቶ 30 ሰው ይዞ ሄደ። ከቤተ መዛግብቱ በታች ካለው ክፍል እላቂ ጨርቅና ያረጀ ልብስ ሰብስቦ አወረደለት፤ ገመዱ እንዳይቆርጠው ብብቱ ሥር እንዲያደርገው። ከተማው ሁሉ ስለ ራሱ ሆድ በሚያስብበት ሰዓት አንድ የባዕድ አገር ሰው ስለ አንድ እስረኛ ብብት አሰበ። በቤተ ክርስቲያናችን የሚታወቀው ተረፈ ባሮክ ይህን ሰው አልተወውም፤ እግዚአብሔር ጥፋቱን እንዳያይ 66 ዓመት እንዳስተኛው፣ ሲነቃም በቅርጫቱ ያለው በለስ ትኩስ እንደነበር ይተርካል።

በ11ኛው ዓመት፣ በ4ኛው ወር፣ በ9ኛው ቀን ረሃቡ ጸንቶ ለአገሩ ሕዝብ እንጀራ ታጣ፤ ቅጥሩም ተሰበረ። በሰሙነ ሕማማት የምንሰማው ሰቆቃወ ኤርምያስ ከዚያ የተረፈ ሰው ቃል ነው፤ በሰይፍ የሞቱት በረሃብ ከሞቱት ይሻላሉ የሚለው ያየ ሰው ብቻ ነው።

አሁን የሚመጣው ግን በስብከት እምብዛም አይነሣም። የባቢሎን አዛዥ ናቡዘረዳን ምንም የሌላቸውን ድሆች ትቶ የወይን ቦታና እርሻ ሰጣቸው። ጎዶልያስ የአገሩ ገዥ ሆኖ ተሹሞ የተበተኑት ይሁዳውያን ከሞዓብ፣ ከአሞንና ከኤዶም ተመለሱ። ኤርምያስ ምዕራፍ 40 እነዚህ ሰዎች እጅግ ብዙ ወይንና የበጋ ፍሬ እንደሰበሰቡ ይነግረናል። ከተማይቱ በረሃብ የወደቀች በዚያው በጋ ነው። ልጆች በአደባባይ እንጀራ ሲለምኑ ወይኑ ከቅጥሩ ማዶ እየበሰለ ነበር።

ኢየሩሳሌም ዳግመኛ፦ እ.ኤ.አ. 70

የሮሙ ቲቶ ኢየሩሳሌምን ከበበ። የፋሲካ ሰሞን ስለነበር ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል። የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ እንደሚለው ለብዙ ጊዜ የሚበቃ እህል በጎተራ ነበር፤ ያቃጠሉት ግን ሮማውያን አልነበሩም። እርስ በርሳቸው የሚዋጉት የከተማው አንጃዎች፣ የዮሐንስና የስምዖን ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ጎተራ አነደደ። ከዚያ ቲቶ በሦስት ቀን ከተማዋን ዙሪያውን በግንብ አጠራት፤ ቅጠል ለመልቀም የሚወጣው ሰው እንኳ መውጫ አጣ። ማርያም የተባለች፣ ከዮርዳኖስ ማዶ የመጣች ሴት በልጇ ላይ ያደረገችው ነገር በሰማርያ ከሆነው ጋር አንድ ነው።

ይህ ታሪክ በአገራችን ዜና አይሁድ በተባለው የግእዝ መጽሐፍ ከዐረብኛ ተተርጉሞ ለዘመናት ተነቧል። ጌታችን ከተማይቱ በጭፍራ ተከብባ ባያችሁ ጊዜ ሽሹ ያለውን የያዙት ክርስቲያኖች ከዮርዳኖስ ማዶ ወዳለችው ወደ ፔላ ቀድመው እንደወጡ አውሳብዮስ ጽፏል። መንገዱ ሳይዘጋ የሄደ ተረፈ።

ባሌ፦ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም.

ወደ ራሳችን ምድር እንምጣ። ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ብዙም ሳይቆይ፣ በ1955 ዓ.ም. በኤልከሬ አመፅ ተነሣ፤ መሪው ካሂን አብዲ ነበሩ። ቀጥሎ በደሎ ዋቆ ጉቱ ጠመንጃ አነሡ። መነሻው የመሬት ነጠቃ፣ የግብር ጫናና የሹማምንት በደል ነበር፤ ሙስሊሙ ሕዝብ በገዛ አገሩ እንደ ባዕድ መታየቱም ቁጣውን አባባሰው። አዲስ ነፃ የወጣችው ሶማሊያ መሣሪያ ሰጠች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቆላው ብዙ ክፍል ከመንግሥት እጅ ወጣ።

ይህ ጦርነት እንደ ሰማርያ ቅጥር አልነበረውም፤ በሩ ግን ነበረው። የባሌ ኑሮ የተመሠረተው ደጋና ቆላ በሚለዋወጡበት ገበያ ላይ ነው። ከሮቤ፣ ከጎባና ከጎሮ እህል ይወርዳል፤ ከደሎና ከኤልከሬ ከብት፣ ቅቤና ጨው ይወጣል። የቆላው አርብቶ አደር ወተት ሲነጥፍ የሚኖረው ከብት ሽጦ በሚገዛው እህል ነው። የሰነቴን አምባና የሐረና ጫካን የሚያቋርጠው መንገድ በወታደርና በአማፂ መካከል ሲገባ ገበያው ይሞታል፤ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል፣ መሐሉ ላይ ያለው ቤተሰብ ይራባል። በ1959 ዓ.ም. መንግሥት ከባድ ዘመቻ ከፈተ፤ የቆላው መንደሮች ከአየር ተደበደቡ። ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ፤ ቤተ መንግሥትም የፊታውራሪነት ማዕረግ ሰጣቸው። ሕዝቡ ያጣውን ከብት ግን የመለሰለት አልነበረም።

ባሌ፦ ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የአመፁን አንድ ትልቅ ምክንያት አነሣ። ሰላሙ ግን ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላም። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ዋቆ ጉቱም በሶማሊያ በተቋቋመው የሶማሌ አቦ ነፃ አውጪ ግንባር መሪነት ተመልሰው ነበር። የባሌ ቆላ ከመንግሥት እጅ ወጣ፤ ጎባ ግን ሳትያዝ ቀረች። የካቲት 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ ጦርነቱ አለቀ ተባለ፤ በባሌ ግን የሽምቅ ውጊያው ቀጠለ፤ የመንግሥትም ዘመቻ ተከተለው።

በዚህ ጊዜ መንግሥት አማፂውን ከሕዝቡ ለመነጠል የመረጠው ዘዴ መንደር ማሰባሰብ ነበር። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በባሌ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ከተበታተነ ጎጆው ተነሥቶ በአዲስ መንደር እንዲሰፍር ተደረገ። አገሪቱ ሁሉ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያየችው የመንደር ምሥረታ የተጀመረው እዚሁ ነው። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ መጣልን ያሉ አሉ፤ እውነትም የመጣላቸው ነበሩ። ነገር ግን ገበሬው ከማሳው ራቀ፤ ከብቱ በአንድ መስክ ተጨናነቀ፤ አርብቶ አደሩ የግጦሽ መንገዱን አጣ። በ1972 ዓ.ም. ድርቅ ሲጨመርበት ብዙው ቤተሰብ ድንበር ተሻገረ። በሶማሊያ 35 የስደተኛ ካምፖች ተቋቋሙ፤ ከባሌ የሄደው ሕዝብ በተለይ በጌዶና በታችኛው ሸበሌ ሰፈረ።

እንደ ሱነማዊቷ ሴት መንገድ አግኝተው የወጡት እነዚህ ናቸው። ሲመለሱ ግን ቤቷንና መሬቷን መልሱላት ብሎ ሹም የሚያዝ ንጉሥ አልነበራቸውም።

ደጋውም ሌላ ጫና ነበረበት። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በገበያ ከሚሸጠው ባነሰ ዋጋ ኮታ ይሰበስብ ነበር፤ አርሲና ባሌ ትርፍ አምራች ስለነበሩ ኮታው ከበድ ብሎባቸዋል። የባሌ ስንዴ ሠራዊቱንና ከተማውን ሲመግብ በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለው ቆላ ይለምን ነበር። ኮታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ከሰኔ 1 ቀን 1969 ዓ.ም. ጀምሮ፦ ሕጉ

የሶማሊያ ጦር ከመግባቱ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 1 ቀን 1969 ዓ.ም. በጄኔቫ አንድ ሰነድ ጸደቀ። ለጄኔቫ ስምምነቶች የተጨመረው የመጀመሪያው ፕሮቶኮል በአንቀጽ 54 ሰላማዊ ሰውን በረሃብ መቅጣትን የጦር ዘዴ ማድረግ ከለከለ፤ ሰብልን፣ ከብትን፣ የውሃ ጉድጓድን ማጥፋትም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ይህን ፕሮቶኮል የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 በውሳኔ 2417 ይህንኑ ድርጊት አወገዘ።

ከዚያ ሁሉ በኋላም ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተጀመረ። ባንክ፣ ስልክና መብራት ተቋረጠ፤ መንገድ ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ከ350,000 በላይ ሰው የከፋ ረሃብ ደረጃ ላይ እንደደረሰ ገመቱ፤ መንግሥት ግምቱን አልተቀበለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ መንገዱ ሲከፈት እህልና መድኃኒት መግባት ጀመረ።

የሰማርያን የአህያ ራስ ዋጋ ዛሬ የምናውቀው አንድ ጸሐፊ ያንን ቁጥር ዋጋ ሰጥቶ ስላሰፈረው ነው። በ1969 ዓ.ም. በደሎ፣ በኤልከሬ፣ በጊኒርና በጎሮ የ20 ዓመት ወጣት የነበሩ አባቶችና እናቶች ዛሬ ወደ 70 ተጠግተዋል። አንድ ጊደር ስንት ቁና ገብስ ታወጣ እንደነበር፣ የትኛው ገበያ መቼ እንደተዘጋ፣ ማን ለማን እንጀራ እንዳካፈለ ያስታውሳሉ። አንባቢ ሆይ፣ አባትህ፣ አያትህ ወይም ጎረቤትህ ከእነርሱ አንዱ ከሆኑ ደብተር ይዘህ ጠይቃቸው፤ ቀኑንና ዋጋውን ሳትተው ጻፍ።